ስጋጃ የለበሰ ጉድጓድ

ስሟን ቢጠሯት የምትቀየም አንዲት አገር ነበረች። ስለዚህ ስሟን ትተን ነገሯን እናንሣ፤ አንደበታችንንም ከሐሜት እሱ ይጠብቅልን።

ያች አገር ስትፈጠር ገደል በዝቶባታል። ከአንዱ አምባ ሆኖ የሌላው አምባ ጭስ ይታያል፣ የሠርጉ ከበሮ ይሰማል፣ ውሻ እንኳ ሲጮህ የማን ውሻ እንደሆነ ይለያል፤ መድረስ ግን የለም። ሸለቆውን በእግሬ ልውረድ የሚል ሰው ቢገኝ ዝንጀሮ ራሱ ተው ብሎ ይመክረው ነበር። እናም ሰዉ የሚገናኘው በአውሮፕላን ነው። ሙሽራ በአውሮፕላን ትሄዳለች፣ ጨው በአውሮፕላን ይመጣል፣ ታማሚ በአውሮፕላን ይወሰዳል። አውሮፕላን የሚያርፍበት ሜዳ የሌለው አምባ ሰው እንደሌለው ይቆጠራል።

ሜዳ ደግሞ እንደ ሰው ነው፤ ያረጃል። ዝናብ ይቦረቡረዋል፣ ፀሐይ ይሰነጥቀዋል። ንጉሡ ይህን አይተው የማደሻ ሣጥን የሚባል ነገር አቆሙ። ሣጥኑ ሕዝቡ ሁሉ ያዋጣበት ነው፤ የሚከፈተው ግን በዓመት አንዴ፣ ለአንድ ሜዳ ብቻ ነው። ለየትኛው ይከፈት የሚለውን የሚቆርጥ የቅድሚያ ሸንጎ ተቋቋመ፤ ጣጣውም ከዚህ ጀመረ።

ሸንጎው ሕግ ነበረው። የሸንጎው አለቃ፣ ሊቀ ቅድሚያ የሚባለው፣ በዚያው ዓመት በገዛ ዓይኑ ያላየው ቁስል መድኃኒት አያገኝም። ቢያየውም እንኳ ባለቤቱ ወጥቶ በአደባባይ «የእኔ ነው» ማለት አለበት፤ ባለቤት የሌለው ጉድጓድ እንደ ባዘነ ከብት ተቆጥሮ ይታለፋል። ከሁሉ የሚከብደው ግን የመቀመጡ ሕግ ነው። ድሮ አንድ ሹም ወንበር ላይ ተደላድሎ «ይደር፣ ይደር» እያለ ዘመኑን ስለፈጀ ንጉሡ ተቆጡ። ከእንግዲህ ሊቀ ቅድሚያ የተቀመጠበት ቦታ ሁሉ ሸንጎ ነው፣ አንዴ ከተቀመጠም ሳይቆርጥ አይነሣም ብለው አወጁ።

በዚያን ዘመን ሊቀ ቅድሚያ የነበሩት አስማማው የሚባሉ ወፈር ያሉ፣ ገር ሰው ነበሩ። መቀመጥን እንደ እባብ ይፈሩታል። ቆመው ይበላሉ፣ ቆመው ይጫወታሉ፤ ከሰው እኩል የሚሆኑት ቤተ ክርስቲያን ሲያስቀድሱ ብቻ ነው። በአውሮፕላን ሲሄዱ እንኳ ከምሰሶ ጋር በመቀነት ታስረው ነው። መተኛት ይችላሉ፤ መጋደም መቀመጥ አይደለም ተብሎ ተፈርዶላቸዋል። አንድ ጊዜ ሠርግ ቤት ተዘናግተው ዱካ ላይ ዘፍ አሉና ሸንጎ ሆነ። ዳሱ ሲያፈስ በዓይናቸው አይተዋል፣ የሙሽራው አባትም «የእኔ ነው» ብሏል፤ የዚያን ዓመት ሣጥን ለዳሱ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ሠርግ ቢጠሯቸውም አይሄዱም።

የሚቀመጡት በዓመት አንዴ፣ አምባዎቹን ሁሉ ዞረው ሲጨርሱ፣ በመናገሻዋ ከተማ ሜዳ ላይ ባለው ወንበራቸው ነው። የመናገሻዋ ሰዎች ደግሞ ሕጉን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ያውቁታል። ሜዳቸው ዕንቁላል ቢንከባለልበት የማይሰበርበት ነው። የሊቀ ቅድሚያው መምጫ ሲቃረብ ግን ዶማና አካፋ ይዘው ይወጡና መሐሉ ላይ ጉድጓድ ይቆፍራሉ። ቆፍረውም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ዙሪያውን ይቆማሉ፤ የእኛ ነው፣ የእኛ ቁስል ነው እያሉ። ሊቀ ቅድሚያው ያያሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ሣጥኑ ይከፈታል። እሳቸው ዞር ሲሉ ጉድጓዱን በገዛ አፈሩ ይደፍኑትና በሣጥኑ ገንዘብ በመንገደኛ መጠበቂያው አዳራሽ ላይ ሌላ ፎቅ ይጨምሩበታል። አዳራሹ ከመርዘሙ የተነሣ አውሮፕላኖቹ ዞረውት ነበር የሚያርፉት።

አሁን ወደ ዝግባ ራስ እንምጣ።

ዝግባ ራስ ከሁሉ ራቅ ያለች አምባ ናት። የሜዳዋ ላይኛው ጫፍ ደህና ነው፤ የሸንጎው ትንሽ አውሮፕላን እዚያች ላይ ታርፋለች። መሐሉ ላይ ግን ጉድጓድ አለ። መጀመሪያ ዶሮ አፈር የምትታጠብበት ያህል ነበር፤ ከዚያ ጥጃ የሚተኛበት ሆነ፤ ኋላ ሰው ቢቆምበት የማይታይ። ሜዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚፈልገው ትልቁ የሕዝብ አውሮፕላን ይመጣል፣ ከላይ ይዞራል፣ ጉድጓዱን ያያል፣ ክንፉን ነቅነቅ አድርጎ ለቅሶ እንደ ደረሰ ሰው ይመለሳል።

ታዲያ የዝግባ ራስ ሰው ጉድጓዱን ለሸንጎው ለምን አያሳይም? ይህን የሚጠይቅ የዝግባ ራስን ሰው አያውቅም። ለእንግዳ ገመናን ማሳየት እዚያ ከሌብነት ይብሳል። እንጀራ ባይኖር ሌማቱን ከድነው ያቀርባሉ፤ እንግዳውም ጨዋ ከሆነ ሳይከፍተው ጠግቤያለሁ ይላል። እንዲህ ያለ ሕዝብ ሊቀ ቅድሚያን የሚያህል እንግዳ ጠርቶ ጉድጓድ ያሳይ? ስለዚህ በየዓመቱ ሸንጎው ሲመጣ ጉድጓዱ ላይ እንጨት ይረበረባል፣ ሣር ይጎዘጎዛል፣ በዚያ ላይ ከየቤቱ የወጣ ስጋጃ ይነጠፋል። ይህን የሚመራ የስጋጃ አለቃ የሚባል ሹመት አለ። ሹመቱ የእንግዳሸት ነበር፤ ከአባቱ የወረሰው ነው።

እንግዳሸት ለስጋጃ የተፈጠረ ሰው ነው። ቀዩን ከጥቁሩ፣ የበጉን ጠጉር ከፍየሉ አስማምቶ ሲያነጥፈው እንኳን ጉድጓዱ ገደሉም ይረሳ ነበር። የሸንጎው ሰዎች አይተው ይደነቃሉ። እነሱ አምባዎቹን ሁሉ ይቅደም፣ ይከተል፣ ይቆይ፣ ይረሳ ብለው ነው የሚመድቧቸው፤ ለዝግባ ራስ ሲሉ ግን ይመስገን የሚባል አዲስ ማዕረግ አወጡ። ይመስገን የተባለ አምባ ገንዘብ አይሰጠውም፤ ቃጭል ይሸለማል። ዝግባ ራሶች ቃጭሎቻቸውን በሜዳው ዳር በቆሙ ግንዶች ላይ ሰቅለው ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ደስ ይላቸዋል። ይህን የሰሙ ሌሎች አምባዎችም ቀንተው ስጋጃ ማንጠፍ ጀመሩ። አገሩ ሁሉ ከላይ ምንጣፍ፣ ከታች ጉድጓድ ሆነ።

እንግዳሸት የሻረግ የምትባል ሚስት ነበረችው፤ ምላሷ ስለት ያለው፣ ሳቋ ለጎረቤት የሚተርፍ። ዕድሜዋ ገፋ ሲል በሁለቱም ዓይኗ ሞራ ወረደባት። መጀመሪያ ሰው መለየት ተሳናት፣ ቀጥሎ በር። ሜዳውን ስታቋርጥ ቃጭሎቹን በጆሮዋ እየተከተለች ነው። ቃጭሉ ጆሮዬ ሥር ካለ ደህና ነኝ፣ ከራቀኝ ጉድጓዱ ቀርቦኛል ትላለች።

ሞራ የሚገፍ ሐኪም በአገሪቱ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም በመናገሻዋ ነው። አርጅቶ እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ከመጪው ክረምት በኋላ ምላጬን አስቀምጣለሁ ማለቱ በየአምባው ተሰማ። የሻረግ ከዚያ በፊት ካልደረሰችለት ቀሪ ዘመኗን በጨለማ ልትኖር ነው። ትልቁ አውሮፕላን ደግሞ አያርፍም። የሸንጎው ትንሿ አውሮፕላን ሣጥኑን እንጂ በሽተኛ አትጭንም፤ ሣጥኑ የራሱ መቀመጫ አለው።

አንድ ቀን ትልቁ አውሮፕላን እንደ ልማዱ ዞሮ ሲመለስ የሻረግ ቀና ብላ ድምፁን ሸኘችውና ባሏን እንዲህ አለችው።

«እንግዳሸት፣ ዘንድሮ ባትሸፍነውስ?»

«ምኑን?» አለ። ምኑን እንደሆነ ያውቃል።

«ጉድጓዱን ነዋ። እንደ ተፈጠረ ተወው፤ ይዩት።»

«ሰው ምን ይለኛል የሻረግ?»

«የሚልህን እኔ እሰማልሃለሁ» አለችው። «ጆሮዬ ደህና ነው።»

እንግዳሸት ሲጸልይ ሰንብቶ ነገሩን ለሽማግሌዎቹ አቀረበ። የሽማግሌዎቹ አውራ ባሻ ደምለው ነበሩ፤ ያለ ባርኔጣ ታይተው የማያውቁ ሰው። ያንን ባርኔጣቸውን ግን ጭልፊት ወሰደብኝ ብለው በዚያ ሰሞን ራሳቸውን በጨርቅ ጠምጥመዋል። በደጀ ሰላሙ ተቀምጠው ሲመክሩ ዋሉ። አንደኛው ግማሹን እንሸፍንና ግማሹን እንተወው አለ፤ ግማሽ ራቁት ከሙሉ ራቁት ይብሳል ተብሎ ተመለሰለት። ሌላው ለአንዲት ሴት ዓይን ብለን የአምባውን ስም እናጥፋ ወይ አለና ወዲያው ደግሞ የሻረግ እኮ ክርስትና እናቴ ናት ብሎ አለቀሰ። በመጨረሻ አንድ ብልህ ተነሣ። እኛ አንገልጠው፣ እግዚአብሔር ነፋስ ልኮ ስጋጃውን ቢያነሣልን ግን ያሳየው እሱ ነው እንጂ እኛ አይደለንም፤ ስለዚህ ስለ ነፋስ እንጸልይ አለ። ይህ ሁሉንም ደስ አሰኛቸው። ምሕላ ታወጀ። ባሻ ደምለው ግን አርቀው የሚያስቡ ሰው ናቸውና ድንገት ጸሎታችን ተሰምቶ ነፋስ ቢነሣ ስጋጃውን ይዘው የሚያስቀሩ ጎበዞች በየማዕዘኑ ይቁሙ ብለው ጨመሩበት። ይህም ጸደቀ።

እንግዳሸት አንገቱን ደፍቶ ቤቱ ገባና የሆነውን ነገራት። ትጮህብኛለች ብሎ ነበር። እሷ ግን፣ «እሺ፣ ሸፍነው» አለች። «ሹመትህ ነው፤ አሳምረህ ሸፍነው። እንግዳውን የምመራው ግን እኔ ነኝ።»

እንግዳን በክንድ ይዞ በስጋጃው ላይ መምራት የስጋጃ አለቃው ሚስት ወግ ነበር። ዓይነ ስውር እንዴት ሰው ትመራለች የሚል ጉምጉምታ ተነሣ። ነገር ግን ሌላ ሴት ብትተካ እንግዶቹ ምክንያቱን ይጠይቃሉ፤ ምክንያቱ ከተነገረ ዝግባ ራስ ውስጥ የታመመ ሰው መኖሩ ሊታወቅ ነው። ይህ ደግሞ ገመና ነው። ስለዚህ ትምራ ተባለ።

እንግዳሸት እንደዚያ ዓመት አሳምሮ አንጥፎ አያውቅም። ጉድጓዱ ሰፍቶ እንጨቱ ሰው የሚሸከም ስላልሆነ መንገዱን በቃጭሎቹ ዳር አሳለፈው፤ ጉድጓዱ ላይ የተነጠፈው ለዓይን ብቻ ነበር። እያነጠፈ ይጸልያል። ጌታ ሆይ፣ ነፋሱን አንተ ላክ፣ እኔ ስጋጃውን ላላ አድርጌ እይዘዋለሁ ይላል። ከዚያ ደግሞ ፈራና ጥብቅ አድርጎ ያስረዋል።

ሸንጎው የመጣው ሰማዩ ደመና ማርገዝ ሲጀምር ነው። ትንሿ አውሮፕላን ላይኛው ጫፍ ላይ አረፈች። መጀመሪያ ሣጥኑ ወረደ፤ እልልታውን ተቀበለ። ቀጥሎ የእቅድ ተሸካሚው ወረደ። የአገሪቱን ሜዳዎች እቅድ በተሰፋ ቆዳ ላይ ጠቅልሎ በትከሻው የሚዞር ጎባጣ ሰው ነው፤ እቅዱ ከመርዘሙ የተነሣ ጫፉን ያየ የለም፤ የዝግባ ራስ ነገር እዚያ ጫፉ ላይ አለ ይባላል። ከኋላው ሕግ አስታዋሹ መጣ፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሕግ ሲነካ ብቻ የሚናገር። በመጨረሻ ሊቀ ቅድሚያ አስማማው ከምሰሶው ተፈትተው ጉልበታቸውን እያሹ ወረዱ።

እንግዳሸት ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። አንዲት ቃል በልቡ ይዞ ነበር፤ በጆሯቸው ሹክ ልላቸው ብሎ። «ጌታዬ፣ ከዚህ ስጋጃ ሥር...» አለ።

ሊቀ ቅድሚያው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «አውቃለሁ ወንድሜ፣ ሣር ጎዝጉዛችሁበታል። ገና ስረግጠው ለእግሬ ታወቀኝ።»

እንግዳሸት ደግሞ እጅ ነሣ። የእቅድ ተሸካሚው በበኩሉ ዘንድሮ በዞርንበት አምባ ሁሉ አንዲት ጭረት አላየንም፣ አገሩ ለምቷል፣ ዝግባ ራስ ግን ከሁሉ ይበልጣል ብሎ ቃጭሉን ከወዲሁ ከኪሱ አወጣ።

የሻረግ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ቀረበችና የሊቀ ቅድሚያውን ክንድ ያዘች። ቀስ እያሉ ሄዱ። እንግዳሸት ከኋላ ከኋላ ይከተላል።

«ደክሞዎታል ጌታዬ» አለቻቸው።

«ኧረ አያንሡብኝ እሜቴ። ይኸው ስንት ዘመን ቆሜ።»

«አይዞዎት፤ ዛሬ ያርፋሉ።»

ጥቂት እንደ ሄዱ እንግዳሸት አንድ ነገር አስተዋለ። የሻረግ ከቃጭሎቹ እየራቀች ነው። ቀና ብላለች፣ ጆሮዋን ወደ ቃጭሎቹ አዘንብላለች፣ ግን እየራቀች ነው። ምሕላው ሰምሮ ነፋስ ቢነሣ ስጋጃውን እንዲይዙ የቆሙት ጎበዞች ትልቅ ሰው ሲያልፍ ማጎንበስ ወግ ነውና አጎንብሰው መሬት መሬት ያያሉ። እንግዳሸት ሊጮህ አፉን ከፈተ። ዕድሜውን ሙሉ ጉድጓድ ሲሸፍን የኖረ ሰው ያን ቀን አፉን በእጁ ሸፈነ።

እንጨቱ ቀጭ አለ። ቀዩ ስጋጃ፣ ሣሩ፣ ሊቀ ቅድሚያውና የሻረግ አብረው ወረዱ።

ሰዉ ከአፋፉ ተሰብስቦ ቁልቁል ቢያይ ሁለቱም ደህና ናቸው፤ ያ ሁሉ ስጋጃ ከሥራቸው ተነባብሮ ተቀብሏቸዋል። የሻረግ በጎኗ ተጋድማ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ሊቀ ቅድሚያው ግን እግራቸውን ዘርግተው፣ ጀርባቸውን አስደግፈው፣ አሳምረው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ላይ ድንጋጤና እፎይታ አብረው ይታያሉ። ልነሣ ብለው እጃቸውን ሲዘረጉ ሕግ አስታዋሹ ከላይ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ተቀምጠዋል» አለ።

«ወድቄ ነው እንጂ መች ተቀመጥኩ?»

«ሕጉ እንዴት እንደ ተቀመጡ አይጠይቅም። ሸንጎ ሆኗል። ሳይቆርጡ አይነሡም።» ይህን ብሎ እሱም ከሸንጎው ነውና ቀሚሱን ሰብስቦ ወደ ጉድጓዱ ተንሸራተተ። የእቅድ ተሸካሚውም እቅዱን እንደ ታቀፈ እያቃሰተ ተከተለው።

ሊቀ ቅድሚያው ተስፋ አልቆረጡም። «እንግዲያው እንደ ወትሮው ለመናገሻዋ ሜዳ ይሁን» አሉ።

«የመናገሻዋን ቁስል ዘንድሮ ገና አላዩም።»

«ሄጄ አየዋለኋ።»

«ለመሄድ መነሣት ያስፈልጋል» አለ ሕግ አስታዋሹ። «ለመነሣት መቁረጥ ያስፈልጋል። ለመቁረጥ ያዩት ቁስል ያስፈልጋል። ዘንድሮ በዞሩበት ሁሉ ያዩት ስጋጃ ነው።»

«እሱማ ይህንንም አላየሁትም። ስወድቅ አፈር ዓይኔ ውስጥ ገብቶብኛል።»

የሻረግ ከተጋደመችበት ቀና አለች። እጇን ሰድዳ የጉድጓዱን ግድግዳ ዳበሰች፣ ከታች ያለውን ጭቃ ዳበሰች፣ ከጭቃውም ውስጥ ያገኘችውን የተጨማደደ ነገር አንሥታ ጭኗ ላይ አኖረችው። «ጌታዬ» አለች፣ «እኔ ዕውሯ አይቼዋለሁ። እርስዎ ዓይን እያለዎት እንዴት ያመልጥዎታል?»

ሊቀ ቅድሚያው ዓይናቸውን ጠርገው ጉድጓዱን አዩት። በዚህ መካከል ዝናብ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ሕግ አስታዋሹ ወደ አፋፉ አንጋጦ በሕጉ መሠረት ጠየቀ። የዚህ ቁስል ባለቤት ማን ነው?

ያን ጊዜ የዝግባ ራስን ሕዝብ ያየ ሰው ሁሉም ጫማውን የሚያጠና ይመስለው ነበር። እፍረት አንገት ሁሉ ሰበረ። በመጨረሻ ባሻ ደምለው የአምባቸውን ክብር ሊያድኑ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጡ።

«እኛ እንዲህ ያለ ነገር እዚህ አይተን አናውቅም» አሉ። «ምናልባት ከእንግዶቹ ጋር መጥቶ እንደሆን።»

ሕግ አስታዋሹ ራሱን ነቀነቀ። ባለቤት ካልተገኘ እንደ ባዘነ ጉድጓድ ይቆጠራል፣ ሸንጎውም እንዳልተቀመጠ ሆኖ ይነሣል አለ። ይህን ሲሰሙ ሊቀ ቅድሚያው ፊታቸው በራ፤ መነሻቸውን አዘጋጁ።

እንግዳሸት ቁልቁል አየ። የሻረግ ከጉድጓዱ ሥር ዝናቡ ፊቷ ላይ እየወረደ አንጋጣለች፤ የማታይ ዓይኗን እሱ ባለበት በኩል ተክላዋለች። እንዴት እንዳወቀችው እንጃ። አባቱ ትዝ አለው፤ ያ ሁሉ ቃጭል ትዝ አለው። በልቡ አቤቱ ማረኝ አለና ከአፋፉ ጫፍ ቆመ።

«የኛ ነው» አለ።

ድምፁ ስላነሰ ሕግ አስታዋሹ አልሰማሁም አለው።

«ጉድጓዱ የኛ ነው። ትልቁን አውሮፕላን የሚመልሰው እሱ ነው። አባቴ ይሸፍነው ነበር፣ እኔም እሸፍነዋለሁ። በየዓመቱ በላዩ ላይ ቃጭል ስትሸልሙን ኖራችኋል። ሚስቴ በሱ ምክንያት ዕውር ሆና ልትቀር ነው።» በመጨረሻም፣ «የእኔ ነው» ብሎ ጨረሰ።

ኋላ ከወዲያ ማዶ አንዲት ሴት የኔም ነው፣ እንስራዬን የሰበረ እሱ ነው አለች። አንዱ በሬዬ እግሩን የተሰበረበት ነው አለ። ልጄን የዳርኩባት አምባ ሄጄ እንዳልጠይቃት ያደረገኝ እሱ ነው አለች ሌላዋ፤ አለቀሰች። እንደ ግድብ ውኃ ፈሰሰ። ጉድጓዱን አናውቅም ያለው ሕዝብ አሁን በባለቤትነቱ ሊጣላ ደረሰ። ባሻ ደምለው ብቻ ቀሩ። የሻረግ ያን ከጭቃው ያወጣችውን ነገር አራግፋ ወደ ላይ ዘረጋችው፤ ባርኔጣ ነው።

«ባሻ፣ ጭልፊቱ እዚህ ነው የጣለልዎ» አለች።

ባሻ ደምለው ተቀብለው አዩት፣ ጭቃውን በእጃቸው ጠረጉ፣ ከነጭቃው ራሳቸው ላይ ደፉት። «የኔም ነው» አሉ።

ዝናቡ በረታ። ሊቀ ቅድሚያው ከሥር ውኃ ከላይ ውኃ ሲሆንባቸው የእቅድ ተሸካሚው እቅዱን ዘርግቶ በላያቸው ላይ ወጠረው፤ ሲዘረጋ እስከ ጫፉ ደረሰ። ጫፉ ላይ ምንም አልነበረበትም፤ ባዶ ቆዳ ነው። ባዶ በመሆኑ ግን ዝናቡን ደህና አድርጎ ያዘ። የአገሪቱ እቅድ ለሰው ሲጠቅም ያን ቀን ታየ።

«ዝግባ ራስ ይቅደም» አሉ ሊቀ ቅድሚያ አስማማው። ቆርጠዋልና መነሣት ይችሉ ነበር። ጥቂት ግን ሳይነሡ ቆዩ፤ ተመችቷቸው ነበር ይባላል።

ሣጥኑ ተከፈተ። ድንጋይ መጣ፣ ጠጠር መጣ፣ የዝግባ ራስ ሰው ጠዋት ማታ እየዘፈነ ጉድጓዱን ሞላው፣ ደመደመው። ክረምቱ ጠንክሮ ሳይገባ ትልቁ አውሮፕላን መጣ፤ እንደ ልማዱ ከላይ ዞረ፣ ዓይኑን ያላመነ ይመስል ደግሞ ዞረ፣ ከዚያ አረፈ። የሻረግ ተሳፈረች። ሐኪሙ ምላጩን ሲያነሣ እጁ ተንቀጠቀጠ። እሷ ደግሞ ወንድሜ፣ እጅህ ይንቀጥቀጥ ግዴለም፣ ልብህ እንዳይንቀጠቀጥ አለችው። ሐኪሙ ሳቀና እጁ ረጋ። ዓይኗን ያበራላት ግን ፈጣሪ ነው።

ስትመለስ እንግዳሸት ሜዳው ላይ ቆሞ ጠበቃት። ወርዳ ፊት ለፊቱ ቆመች። ከግንባሩ እስከ አገጩ ስታየው ቆየች።

«አንተ ነህ?» አለችው። «እንዲህ አርጅተህ ነው ዝም ያልከኝ?»

«ሸፍኜው ነበር» አላት።

ሳቋን ጎረቤት ሰማው።

ነገሩ እዚህ ባለቀ። ነገር ግን የመናገሻዋ ሰዎች ያን ዓመት እንደ ወትሯቸው ጉድጓዳቸውን ቆፍረው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሊቀ ቅድሚያውን ሲጠብቁ ነበር። ሣጥኑ ባዶውን መጣ። ተናደው ትተውት ሄዱ፤ አፈሩን መልሶ የሚሞላ ጠፋ፤ ማን ይሙላው ሲባባሉ ክረምት ገባበት። በየዓመቱ ሲቆፈርና ሲደፈን የኖረ መሬት ልቡ ላልቷልና ውኃው ሲያገኘው ይዞት ወረደ። ዶማ የጀመረውን ዝናብ ጨረሰው። ባለ ብዙ ፎቁ አዳራሽ ፊት ለፊት፣ አውሮፕላን የሚውጥ ጉድጓድ ተከፈተ።

ክረምቱ እንደ ወጣ ትልቁ አውሮፕላን ዝግባ ራስ ላይ አርፎ አንድ ጎባጣ ሰው ወረደ። የእቅድ ተሸካሚው ነው፤ ትከሻው ላይ ያለው እቅድ ዝናብ መትቶት ተኮማትሯል። ወደ እንግዳሸት ቤት ሄደ። ተቀመጥ ሲሉት ተቀመጠ፣ ብላ ሲሉት በላ፣ ስለ ዓየሩ አወራ፣ ስለ ሰብሉ አወራ። ኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ መናገሻዋ ላይ የባዕድ አገር ንጉሥ እንግዳ ሆኖ ሊመጣ እንደሆነ፣ ሜዳውም ትንሽ ነገር እንደሆነ፣ ጭረት ቢጤ እንደሆነ ተናገረ።

«እና መናገሻዋ ይህን የናንተን ስጋጃ ለጥቂት ቀን ብታውሱን ብላለች» አለ።

ባሻ ደምለው እዚያው ነበሩ፤ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። መናገሻዋ ከእኛ ዕቃ ስትዋስ ለማየት ያበቃን አምላክ ይመስገን ብለው ለመናገር ሲነሡ ተመልሰው ተቀመጡ። እንግዳሸት ሚስቱን አያት።

የሻረግ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። በዓይኗ ሰውየውን አየችው፣ ጎባጣውን አየችው፣ ጭቃ የነካው ጫማውን አየችው። አዘነችለትም።

«ስጡት፤ እንግዳ አይከለከልም» አለች። «ቃጭሎቹንም ጨምሩለት። የሚመራቸው ዓይነ ስውር ግን ከራሳቸው ይፈልጉ።»

ገመናን የሚሸፍን አምላክ የሁላችንንም ገመና ይሸፍን፤ ጉድጓዳችንን ግን ሳንወድቅበት ይግለጥልን። አሜን።